ሰባ አራተኛው ቁልፍ

በጋሪ ነው የመጣው፣ በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ፤
ፈረሱ አልቦታል፤ ባለጋሪው «ምንድን ነው?» ብሎ ብሎ
ሰልችቶታል። አምጪዋ ሲፈን ናት፣ የጋሽ ኢተፋ ልጅ፤
«ሐዋሳ በደህና መግባቱ፣» አለችኝ፣ «እንግዲህ ባንተ እጅ።»

ገለጥኩት።
ፒያኖ። የኤሌክትሪክ። በዕድሜ እኔን የሚበልጥ፣
ክዳኑ ላይ የሲጋራ ጠባሳ፣ ቆዳው የሚላላጥ፤
ጥርሶቹ
እንደ ወንጂ ልጅ ጥርስ፣ እንደኔው ጥርስ ቡናማ፤
ይሄንኑ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ይመስላል፣ እዚሁ አዳማ።

አባቷ በሆቴል ባንድ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወትበት ነበር አሉ፣ እስከ ሌሊት።
ባቡሩ ቀረ። ሆቴሉም የብሎኬት መጋዘን ሆነ።
ጋሽ ኢተፋም ይሄን አልጋው ሥር ገፍቶ፣ በላስቲክ ሸፈነ።
አሁን እሷ ዘንድ ነው፣ ሐዋሳ፤ ጉልበቱ ዝሏል፤
«አልጋዬ ይቅር፣ እሱን አምጪልኝ» ብሏል።

መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ። በሻማ ለካሁት፤
አንድ ሜትር ከአሥራ አምስት፣ በእርሳስ ግድግዳው ላይ ጻፍኩት።
አንዱን ቁልፍ ነካሁ። ድምፅ አልጠበቅኩም፣ መብራት ሳይኖር፤
ከሆዱ ግን ቅጭል አለ፣ እንደ ብርጭቆ በጥፍር ሲቆረቆር።
ክዳኑን አነሣሁ፦ ሰባ ሦስት ብረት፣ ሰባ ሦስት መዶሻ፣
ጫፋቸው ለስላሳ፣ የሚያህል የሕፃን ጉርሻ።
መዶሻ ይዤ ሠላሳ ዓመት ኖሬ፣
እንዲህ የሚለሰልስ አላየሁም ዞሬ።

ሳጥን እየሠራ ነው ሲባል ሰፈሩ ደነገጠ፤
የእድሩ ጸሐፊ ጉርሜሳ መዝገቡን ይዞ ሮጠ፤
«ማን ነው? ከየትኛው ቤት?»
«ማንም አይደል፣» አልኩት፣ «በሕይወት አለ፤ ይጫወታል።»
ጎንበስ ብሎ አየና፣ «አጭር ነው፣» አለ፣ «ሕፃን ይሆናል።»

ኮምፔንሳቶው አሥራ ሁለት ሚሊ፣ የገዛሁት ከፍራንኮ፣
ዋጋው አይጠየቅም እኮ!
ማዕዘኑ ላሜራ፣ የተቆረጠ ከዘይት ቆርቆሮ፤
እጀታው ከጥይት ሳጥን፣ የተረፈኝ ከድሮ።
ስፖንጅ ግን አጣሁ፤ ገበያውን ሁሉ ዞርኩት፤
ማታ ቤቴ ስገባ፣ ፍራሻችንን አየሁት።

የሠርጋችን ነው፤ ዘርፌ ሦስቱን የወለደችበት፤
ግማሹን በቢላ ስቆርጥ፣ በሩን ከፍታ መጣችበት።
አልጮኸችም።
«ለእንጨት ፍራሽ ታነጥፋለህ፣» አለች፣ «ለኔ ወገብ እንጨት።»
አፌ ሚስማር ሞልቶት ነበር፤ ጥሩ ምክንያት፣ ዝም ለማለት።

መጀመሪያ ስሞክር፣ በሁለት ጣት ጠቦ እምቢ አለ፤
የስፖንጁ ውፍረት ከሒሳቤ ኖሯል የጎደለ።
ምን ላድርግ፤ የለመድኩት ደንበኛ ጠበበኝ ብሎ አያውቅም፤
ሰፋኝም ብሎ፣ ተነሥቶ፣ ሱቄ ድረስ አይመጣም።
ፈታሁት። ላግኩት። ሌሊቱን በሙሉ፣ ከተራራው ላይ
የንፋስ ኃይሉ ክንፍ ይዞራል፣ ይዞራል፤
ለማን እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ቤት ሻማ ይነዳል።

ጠዋት ገባ።
ስፖንጁ ተነፈሰ፣ ወንበር እንዳገኘ ሽማግሌ።

«ቁልፉስ?» አለች ሲፈን። «ሰባ ሦስት አለው፣» አልኳት፤
አንድ ጨምሬ፣ ሰባ አራተኛውን፣ በክር አስሬ ሰጠኋት።

አይሱዙ ላይ ጫንነው፣ ከሽንኩርት ጆንያ አጠገብ፤
ሹፌሩን ለመንኩት፣ «ጉብታው ላይ አደራ፣ ረገብ!»
የመጀመሪያውን ሲዘል፣ ጆሮዬን ሰጠሁ፤
ቅጭል የለ፣
ኮሽታ የለ፤
የኔ ሥራ ሲያምር እንዲህ ነው፣ ምንም አልሰማሁ።
መብራት የመጣው ያኔ ነው፣ አቧራው ሳይበርድ፤
ወፍጮው ጮኸ፣ ሬድዮው ጮኸ፣ አምፖሌ በጠራራ ሲነድ።
አንድ ቀን ቀደም ቢል ምን ነበር።

በሳምንቱ ተደወለ። «ደርሷል፤ አባዬ እየነካካው ነው።»
«ሳጥኑስ?» አልኳት። ሰው የሚጠይቀው የራሱን ነው።
ሳቀች። «ሳጥኑማ፣ በረንዳ ላይ ክፍቱን አድሮ፣
ድመት ወለደችበት። አምስት። ከስፖንጁ መሃል።»

ለዘርፌ ነገርኳት፣ በግማሽ ፍራሿ ላይ ተኮራምታ ሳለች።
ብዙ ዝም አለች።
«ድሮም፣» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ያ ፍራሽ ያውቅበታል።»